ከአስፕሪን የሚሠራ የቀለም ጠቋሚ፦ ፎስፌትንና ፍሎራይድን በዓይን ለማየት

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም ከመሐል ሜዳ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ የኬሚስትሪ መምህራንና የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ናቸው። «አኒዮንን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ጠቋሚ መሥራት እንፈልጋለን፤ ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ሁሉ ግን ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ይጠይቃል። ባለን ነገር አይሠራም ወይ?» ነው የሚሉት።

ይሠራል። ዋናው ማቅለሚያ ከፋርማሲ በሚገዛ አስፕሪን ይዘጋጃል። የሚፈተሸው ደግሞ ማንኛውም ገበሬ ቤት የማይጠፋው ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ነው። ለእያንዳንዱ በየግሉ ከምጽፍ አሠራሩን በሙሉ እዚህ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

አኒዮን ማለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ነው። ክሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ፎስፌት፣ ፍሎራይድ ሁሉም አኒዮኖች ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ቀለም ስለሌላቸው በዓይን አይታዩም።

ፈሪክ ብረት (ፖዘቲቭ 3 ቻርጅ ያለው ብረት) ከሳሊሲሌት ጋር ሲገናኝ ግን ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ሳሊሲሌት የሚገኘው አስፕሪን ሲፈርስ ነው። እዚህ ሐምራዊ ውህድ ላይ ፎስፌት ወይም ፍሎራይድ ስንጨምር ብረቱን ይወስዱታል፣ ሳሊሲሌቱ ይለቀቃል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ብረቱን እንደ ቤት፣ ሳሊሲሌቱን እንደ ተከራይ አስቡት፤ ፎስፌት የበለጠ ከፍሎ የሚገባ አዲስ ተከራይ ነው። ክሎራይድና ናይትሬት ያን ያህል የሚከፍሉት ስለሌላቸው ቀለሙ እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ ምልክቱ የቀለም መምጣት ሳይሆን የቀለም መጥፋት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ምክንያቱም ቀለም በሌላ ብዙ ምክንያትም ይጠፋል። የመመሪያው ግማሽ ያህሉ ያንን ሌላ ምክንያት ስለማስወገድ ነው።

ለምን ሥራ እንደማይሆን

ይህም ስለሚጠየቅ አሁኑኑ ልበለው። የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል አይሆንም ብሎ ለመወሰን አትጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ ጠቋሚ ያን ያህል ትንሽ መጠን አያይም። ቀለሙ አልጠፋም ማለት ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ለእርሻ አፈርም አይሆንም። አፈር ውስጥ ያለው ፎስፌት አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው፤ ወደ ውሃ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። ማዳበሪያ ትክክለኛ ነው ወይስ ተጭበርብሯል የሚል ክርክር ውስጥም አታስገቡት። ፎስፌት መኖሩን ያሳያል እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከፋርማሲ፦
- አስፕሪን ባለ 300 ሚሊግራም፣ ተራው ነጭ ክኒን። ጨጓራ እንዳይጎዳ በሽፋን የተለበጠው አይሁን።
- 5 እና 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ መርፌው የተነቀለ
- የእጅ ጓንት

ከሱቅ፦
- ቤኪንግ ሶዳ
- ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና
- የገበታ ጨው

ከነዳጅ ማደያ ወይም ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ፦
- የባትሪ ውሃ፣ ማለትም ዲስቲልድ ውሃ፣ 2 ሊትር ያህል

ከትምህርት ቤቱ ላብ፦
- ፈሪክ ክሎራይድ
- ሃይድሮክሎሪክ አሲድ
- የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቁጥር የሚያሳይ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) እና የማጣሪያ ወረቀት
- ቢከር፣ ቴስት ቲዩብ፣ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን
- ማሞቂያ

ከገበሬ፦
- ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ አንድ ጭብጥ፣ ዩሪያም እንዲሁ

ግዢው ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «የባትሪ ውሃ» እና «የባትሪ አሲድ» አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ዓይነት ጀሪካን ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ባለሱቁን ጠይቁ፣ ጽሑፉንም አንብቡ፣ ቤት ስትደርሱ ደግሞ በፒኤች ወረቀት አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ቤኪንግ ሶዳ እና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ብዙ ጊዜ የፎስፌት ጨው ይገባል። እሱን ብትጠቀሙ ጠቋሚያችሁ ገና ሳይሠራ ይሞታል።

ሦስተኛ፣ ላብ ውስጥ ፈሪክ ክሎራይድ ስትፈልጉ ፈረስ ሰልፌት እጃችሁ ላይ እንዳይገባ። ስማቸው ስለሚቀራረብ በቀለም ለዩአቸው። ፈሪክ ክሎራይድ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ እርጥበት የሚስብ፣ የተጣበቀ ድቡልቡል ነው። ፈረስ ሰልፌት አረንጓዴ ክሪስታል ነው፤ ብረቱ ፖዘቲቭ 2 ስለሆነ ሐምራዊውን ቀለም አይሰጥም።

ጥንቃቄ

- የተጠራቀመ (ገና በውሃ ያልቀጠነ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚነካው መምህሩ ብቻ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ፤ ውሃን ወደ አሲድ ማፍሰስ ያፈነዳል፣ ይረጫል።
- ንጹሕ ሶዲየም ፍሎራይድ ላብ ውስጥ ቢኖርም አትንኩት። መርዛማ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈጥራል። ለፍሎራይድ ከጥርስ ሳሙና የሚወጣው ትንሽ መጠን ይበቃል።
- የሠራችሁትን ማንኛውንም ፈሳሽ በሃይላንድ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። የሆነ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሌላ መያዣ ፈልጉና በግልጽ ጻፉበት።
- ፈሪክ ክሎራይድ ልብስ ላይ ከፈሰሰ የዝገት እድፍ ይተዋል፤ በቀላሉ አይለቅም። ነጠላና ነጭ ጋዋን አርቁ።

አሠራር

1. አሲዱን አዘጋጁ። መምህሩ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ 8.3 ሚሊ ሊትር የተጠራቀመ (37 በመቶ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀስ ብሎ ይጨምርና በውሃ 100 ይሙላ። ይህ 1 ሞላር ነው (ሞላር የፈሳሽ ጥንካሬ መለኪያ ነው)። ከዚህ 20 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውሃ 200 ሲሞላ ደግሞ 0.1 ሞላር ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

2. የማቅጠኛ ውሃ አዘጋጁ። 15 ሚሊ ሊትር ባለ 0.1 ሞላር አሲድ በዲስቲልድ ውሃ 500 ሙሉ። ፒኤቹ 2.5 አካባቢ ይሆናል። ጥቅሙ፣ ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ነገር ስታቀጥኑ አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ ነው። ሐምራዊው ቀለም የሚቆመው ፒኤች 2 እና 3 መካከል ነው። ከፍ ሲል ወደ ቀይ ቡናማ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ይፈዛል።

3. አስፕሪኑን አፍርሱ። አንድ ክኒን ጨፍልቁና ከ0.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እና ከ50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጋር ቢከር ውስጥ አስገቡ። ትንሽ ይንተከተካል፤ አይዟችሁ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያ አፍሉት። ውሃው ሲቀንስ እየጨመራችሁ 50 አካባቢ እንዲቆይ አድርጉ።

ለምን ማፍላት? አስፕሪን እንዳለ ከብረት ጋር ሐምራዊውን አይሰጥም። ከብረቱ ጋር የሚያያዘው ክፍል አሴቲል በሚባል የአተሞች ስብስብ ተሸፍኗል። ያ ሽፋን መውለቅ አለበት፤ የሚያወልቀው ሶዳውና ሙቀቱ ነው።

እዚህ ላይ የምትኖሩበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ 96 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አስፕሪን የሚፈርስበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ሸዋ ሮቢት ግማሽ ሰዓት ከበቃ፣ ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ 45 ደቂቃ ስጡት። ኢንተርኔት ላይ «15 ደቂቃ» የሚለው ለእናንተ አልተጻፈም።

4. አጣሩና ሙሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ በማጣሪያ ወረቀት አጣሩት። ታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ክኒኑን አጣብቆ የያዘው ስታርች እና ሌላ መሙያ ነው። ካልወጣ በኋላ ፈሳሹን ያደፈርሰዋል፤ ድፍርስ ፈሳሽ ደግሞ ቀለሙ የፈዘዘ ያስመስላል። የተጣራውን በዲስቲልድ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉ። ይህን «ፈሳሽ ሀ» በሉት።

ፈሳሽ ሀ ላይ አሲድ አትጨምሩ። ሳሊሲሊክ አሲድ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በደብረ ብርሃን ብርድ አሲድ ያገኘው ፈሳሽ ሀ ሲያድር እንደ መርፌ የቀጠነ ነጭ ክሪስታል ታች ይጥላል። ማቅለሚያችሁ ታች ተቀምጧል ማለት ነው።

5. ብረቱን አሟሙ። 0.27 ግራም ፈሪክ ክሎራይድ መዝኑና በ0.1 ሞላር አሲድ አሟሙ፣ በዚያው አሲድ 100 ሙሉ። ይህ «ፈሳሽ ለ» ነው። በተራ ውሃ አታሟሙት፤ ብረቱ ከውሃው ጋር ተያይዞ እንደ ዝገት ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል። አሲዱ የሚገባው ለዚህ ነው። ድቡልቡሉ እርጥበት ስቦ ከሆነ ሚዛናችሁ ትንሽ ይዋሻል፤ ለዚህ ሥራ ግን ችግር የለውም።

6. የፍተሻ ጠብታ። ዋናውን ከመቀላቀላችሁ በፊት አንድ ጠብታ ሀ እና አንድ ጠብታ ለ ነጭ ሳህን ላይ አገናኙ። ወዲያው ጠቆር ያለ ሐምራዊ ከሆነ አስፕሪኑ ፈርሷል። ፈዛዛ ወይም ቢጫ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ጨምራችሁ አፍሉ።

7. ጠቋሚውን ቀላቅሉ። 80 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ጨምሩ፦ 3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለ፣ 3 ሚሊ ሊትር ባለ 0.1 ሞላር አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሀ። በውሃ 100 ሙሉ። ሀ ውስጥ የተረፈ ሶዳ አለ፤ አሲዱ ቀድሞ ካልገባ ብረቱን ያደፈርሰዋል፤ ቅደም ተከተሉ ለዚህ ነው።

አሁን ፈሳሹ ጥርት ያለ ሐምራዊ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ፒኤች ወረቀት ንከሩበት። ከ3 በላይ ከሆነ ባለ 0.1 ሞላር አሲድ በጠብታ ጨምሩ።

8. ናሙናዎቹን አሟሙ። ከዳፕ፣ ከኤንፒኤስ፣ ከዩሪያ፣ ከጨው እና ከቤኪንግ ሶዳ እያንዳንዳቸውን 0.5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ለየብቻ አሟሙ። የማዳበሪያው ፍሬ ቶሎ አይሟሟም፤ ቀድማችሁ ጨፍልቁት። ሙሉ በሙሉም አይሟሟም፤ ታች የሚቀረውን አጣሩ።

ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን እና 46 በመቶ ፎስፈረስ (በፎስፈረስ ኦክሳይድ ስሌት) ይይዛል። ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፈረስ እና 7 ሰልፈር ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ፎስፌት የለውም። ደግሞም ዩሪያ አኒዮን ሳይሆን ቻርጅ የሌለው ሞለኪዩል ነው። ለዚህ ነው ለማነጻጸሪያ የሚመቸው፦ እሱም ማዳበሪያ ነው፣ ግን ቀለሙን መንካት የለበትም።

9. ናሙናዎቹን አሲዳም አድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ውጤቱንም የሚያበላሸው ይሄው ነው።

የዳፕ ውሃ ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። እንዳለ ጠቋሚው ላይ ብታፈሱት ሐምራዊው ይጠፋል። ግን የጠፋው በፎስፌቱ ይሁን በፒኤቹ ምክንያት አታውቁም። ቤኪንግ ሶዳም እንዲሁ ያደርጋል፣ አንዳች ፎስፌት ሳይኖረው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ላይ 1 ሞላር አሲድ በጠብታ እየጨመራችሁ ፒኤቹን 2 እና 3 መካከል አድርሱ። ዳፑ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ኤንፒኤስ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃዋል። ለዩሪያና ለጨው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ሶዳው 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ስለሚንተከተክ ሰፊ ቢከር ውስጥ አድርጉትና መንተክተኩ እስኪቆም ጠብቁ።

10. አገናኙ። ቴስት ቲዩቦችን ደርድሩ። በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ጠቋሚ አድርጉ። ከዚያ፦

- ቲዩብ 1፦ 5 ሚሊ ሊትር የማቅጠኛ ውሃ። ይህ ማነጻጸሪያ ነው።
- ቲዩብ 2፦ 5 ሚሊ ሊትር ጨው
- ቲዩብ 3፦ 5 ሚሊ ሊትር ዩሪያ
- ቲዩብ 4፦ 5 ሚሊ ሊትር ሶዳ (አሲዳም የሆነው)
- ቲዩብ 5፦ 5 ሚሊ ሊትር ኤንፒኤስ
- ቲዩብ 6፦ 5 ሚሊ ሊትር ዳፕ

ቲዩብ 1 ያለ ምክንያት አልገባም። ማንኛውም ፈሳሽ ሲጨመር ቀለሙ በግማሽ ይቀጥናል። ከመጀመሪያው ጠቋሚ ጋር ብታነጻጽሩ ሁሉም ቲዩብ «ፎስፌት አለው» ይላችኋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ማነጻጸር ከቲዩብ 1 ጋር ነው።

ከ1 እስከ 4 ያሉት ተመሳሳይ ሐምራዊ ሆነው መቆየት አለባቸው። ኤንፒኤስና ዳፕ ግን ፈዛዛ ሮዝ ወይም ከዚያ በታች ይሆናሉ። ዳፑ ከሁሉም በላይ ይነጣል። ቆይቶ ነጭ ዳመና የመሰለ ነገር ቢታይ አትደንግጡ፤ የብረት ፎስፌት ነው፤ ጠቋሚው ሥራውን ስለመሥራቱ ተጨማሪ ምልክት ነው። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ሰልፌት ከብረት ጋር በትንሹ ቢያያዝም በዚህ መጠን ለውጡ በዓይን የሚለይ አይደለም።

አንድ ጨዋታም አለ፤ ተማሪዎች ይወዱታል። አሲድ ያልነካው የሶዳ ውሃ ጠቋሚ ያለበት አንድ ቲዩብ ላይ ጨምሩ። ሐምራዊው ወደ ቢጫ ቡናማ ይዞራል። ከዚያ 1 ሞላር አሲድ በጠብታ መልሱለት። ተንተክትኮ ሐምራዊው ይመለሳል። ዳፑን ግን ፒኤቹ 2 እና 3 መካከል እስከሆነ ድረስ ብትነቀንቁትም ብትጠብቁትም አይመለስም። በፒኤች የጠፋና በአኒዮን የጠፋ ቀለም ልዩነቱ ያ ነው።

11. ፍሎራይድ ለማየት። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ አንብቡ። «ሶዲየም ፍሎራይድ» ካለ ጥሩ። «ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት» ካለ ፍሎራይዱ ከፎስፌት ጋር ታስሮ ስለሚገኝ ቶሎ አይወጣም። እንዲህ ዓይነቱ ሳሙና ብዙ ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔትም አለው፤ እሱ አሲዱን ይበላና ፒኤቹን ያበላሻል። አሲድ ሲነካው የሚንተከተክ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

5 ግራም ሳሙና በ50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በኃይል ከነቀነቃችሁት አረፋው ሥራ አያሠራም። አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ከላይ ያለውን ጠራ ያለ ፈሳሽ ውሰዱ፣ አጣሩት። ማጣሪያው ቀስ ይላል፤ ትዕግሥት ነው። ፒኤቹን 2 እና 3 መካከል አድርጉና እንደ ደረጃ 10 ከጠቋሚው ጋር እኩል አገናኙ። 1450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 1450ው ፍሎራይድ) የተጻፈበት ሳሙና ከሆነ ቀለሙ ወዲያው ይነጣል። ባለቀለም ሳሙና አትጠቀሙ፤ ሰማያዊው ከሐምራዊው ጋር ተደባልቆ ያሳስታችኋል።

ጠቋሚው ፎስፌትንና ፍሎራይድን አይለይም። ሁለቱም ቀለሙን ያጠፋሉ። አንዳንድ የጥርስ ሳሙና ሁለቱንም ይይዛል። መለየት ካስፈለገ ላባችሁ ውስጥ አሞኒየም ሞሊብዴት ፈልጉ። በናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲሞቅ ቢጫ ዝቃጭ የሚሰጠው ፎስፌት ነው።

ልኬት ለሚፈልጉ

«አለ የለም» ለማይበቃችሁ። ላብ ውስጥ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ካለ 0.54 ግራም መዝኑ፣ በዲስቲልድ ውሃ አሟሙ፣ ፒኤቹን በአሲድ 2.5 አካባቢ አድርሱና 100 ሙሉ። 40 ሚሊሞላር (የሞላር ሺኛ) ይሆናል። ከዚህ በማቅጠኛ ውሃ እያጋመሳችሁ 20፣ 10፣ 5 እና 2.5 ሥሩ። እያንዳንዱን እንደ ደረጃ 10 ከጠቋሚው ጋር እኩል አገናኙ። ከማነጻጸሪያው ጋር ስድስት ቲዩብ ይሆናል፤ ቀለሙ ደረጃ በደረጃ ሲነጣ ታያላችሁ። ያልታወቀውን ናሙና ከመካከላቸው ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ፈልጉ። ዓይን ልዩነቱን በደንብ የሚይዘው ፎስፌቱ በሊትር ጥቂት መቶ ሚሊግራም ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግምት ይሆናል።

ስልክ ዓይንን ያግዛል። ሁሉንም ቲዩብ ከነጭ ወረቀት ፊት ደርድሩና በአንድ ፎቶ አንሷቸው። ለየብቻ አታንሱ፤ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል ቁጥሮቹ አይወዳደሩም። ፍላሽ አጥፉ፤ የመስኮት ብርሃን ይሻላል። ከዚያ ቀለም በሚያነብ አፕ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁጥሮችን ውሰዱ። የምትጠቀሙት አረንጓዴውን ነው። ሐምራዊው ፈሳሽ የሚውጠው አረንጓዴ ብርሃን ስለሆነ፣ ቀለሙ ሲነጣ ከሁሉም በላይ የሚጨምረው የአረንጓዴው ቁጥር ነው።

በወረቀት ለመሥራት

ለኤግዚቢሽን ወረቀት ይመቻል። 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሀ ጨምሩ። የማጣሪያ ወረቀት በጠባቡ ቆርጣችሁ ንከሩ፣ ፕላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። የደረቀውን በፕላስቲክ ከረጢት ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።

ወረቀቱ አንድ ተንኮል አለው። ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ስላልተያያዘ ተራ ውሃ ጠብ ሲልበትም ወደ ዳር ይገፋል፤ መሃሉ የነጣ ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን አድርጉ፦ አንዱ የማቅጠኛ ውሃ፣ ሌላው ናሙና። የውሃው ቦታ ፈዝዞ ሐምራዊ ይቀራል፤ የዳፑ ግን ነጭ ይሆናል። ወረቀት ለመጠን አይሆንም፣ ለአለ የለም ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ሎሚ መጠቀም። አሲድ ሲጠፋ «ሎሚም አሲድ ነው» ተብሎ ይጨመራል። አሲድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሬት ራሱ ብረት የሚነጥቅ አኒዮን ነው። ጠቋሚው ናሙና ሳያይ ይነጣል።
- ሻይ ወይም ቡና የነካው ዕቃ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ዕቃውን በደንብ አጥቡ፣ መጨረሻ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ።
- የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ። ባይካርቦኔት ስላለው አሲዱን ይበላና ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ጠቋሚያችሁ ወደ ቀይ ያዘነበለው ምናልባት ለዚህ ነው።
- ብረት ማብዛት። ደማቅ ይሁን ብላችሁ ፈሳሽ ለን እጥፍ ብታደርጉ ጠቋሚው ደንዝዞ ይቀራል። ብዙ ብረት ለመንጠቅ ብዙ ፎስፌት ያስፈልጋል። ፈዘዝ ያለው ጠቋሚ የበለጠ ንቁ ነው።
- አንድ ሲሪንጅ ለሁሉም። የዳፑ ሲሪንጅ ውስጥ የቀረች ጠብታ ጨውን «ፎስፌት አለው» ልታሰኘው ትችላለች። ለእያንዳንዱ የራሱ ይኑረው፤ ካልበቃ ከጨው ጀምራችሁ በዳፕ ጨርሱ።

ማስቀመጥና ማስወገድ

ፈሳሽ ለ በጥብቅ ከተከደነ ለወራት ይቆያል። ፈሳሽ ሀ ቶሎ ቡናማ ስለሚሆንና ሻጋታም ስለሚያወጣ የሳምንት ሥራ ያህል ብቻ ሥሩ። የተቀላቀለውን ጠቋሚ በዕለቱ ተጠቀሙበት።

የተረፈውን ሁሉ አንድ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሰብስቡ፤ የብረት ባልዲ ግን አይሁን። መንተክተኩ እስኪቆም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ብረቱ ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል። ዝቃጩን አጣርታችሁ ወደ ቆሻሻ፣ ፈሳሹን በብዙ ውሃ ወደ ፍሳሽ። ወንዝ ዳር ወይም ጉድጓድ አጠገብ አታፍሱ፤ ውስጡ ያለው ማዳበሪያ ነው፣ ውሃ ውስጥ አልጌ ያበቅላል።